ሉክ ቤቨሪጅ፦ ከሁለገብ ተጫዋችነት ወደ አማተር አሰልጣኝነት፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አውስትራሊያዊው አሰልጣኝ የእግር ኳስ ሕይወት አንባቢዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ከነመልሱ እነሆ፤ ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉክ ቤቨሪጅ ማን ነው?

በ1970 የተወለደ አውስትራሊያዊ የቀድሞ ተጫዋችና አሰልጣኝ ነው። ስሙ በብዛት የሚነሳው ዌስተርን ቡልዶግስ የተባለውን የሜልቦርን ክለብ በ2016 ለአገሪቱ ትልቁ ሊግ ዋንጫ ስላበቃ ነው። ክለቡ ከዚያ በፊት ዋንጫ ያየው በ1954 ነበር፤ 62 ዓመት ጠብቋል ማለት ነው።

ከኳስ ቤተሰብ የመጣ ሰው ነው። አያቱ ጃክ ቤቨሪጅ ኮሊንግዉድ ከ1927 እስከ 1930 አራት ዋንጫ በተከታታይ ሲወስድ በቡድኑ ውስጥ ነበረ። አባቱ ደግሞ ለሴንት ኪልዳ ተጫዋች መልማይ ሆኖ ሠርቷል። ይህን ዘር ያየ ሰው መንገዱ የተጠረገለት ይመስለዋል። የሉክ ጉዞ ግን ሦስት ክለብ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ደመወዝ የማይከፈልበት ሊግ ያቋረጠ ነው።

የሚጫወቱት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ነው?

አይደለም። የአውስትራሊያ እግር ኳስ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው፤ አገሬው በቁልምጫ "ፉቲ" ይለዋል። ሜዳው ሞላላ ነው፣ ኳሱም የእንቁላል ቅርጽ አለው፤ ከእያንዳንዱ ቡድን 18 ተጫዋች ይሰለፋል። ኳሱን በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፣ መወርወር ግን አይፈቀድም። ለጓደኛ ማቀበል የሚቻለው በእግር በመምታት ወይም በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ጡጫ በመግጨት ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች በየ15 ሜትሩ መሬት ማንጠር አለበት። ከጨዋታ ውጪ የሚባል ሕግ የለም።

በሜዳው በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ምሰሶ ቆሟል። ኳሱ በሁለቱ ረጃጅም መካከል በእግር ተመትቶ ከገባ ጎል ነው፣ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ በረጅሙና በጎኑ ባለው አጭር መካከል ካለፈ 1 ነጥብ ያስገኛል። ከምሰሶው ሥር የቆመው ዳኛ ለ6 ነጥቡ ሁለት ባንዲራ፣ ለ1 ነጥቡ አንድ ባንዲራ ያውለበልባል። ውጤቱ 89 ለ67 ሲባል የሰማ የቅርጫት ኳስ ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በየትኞቹ ክለቦች ተጫወተ?

በሦስት። ከ1989 እስከ 1992 በሜልቦርን 42 ጨዋታ፣ ከ1993 እስከ 1995 በፉትስክሬይ 31 ጨዋታ፣ ከ1996 እስከ 1999 በሴንት ኪልዳ 45 ጨዋታ አደረገ። ድምሩ 118 ነው፤ ያስቆጠራቸውም ጎሎች ከ100 በላይ ናቸው። ፉትስክሬይ የተባለው ክለብ በ1996 መጨረሻ ስሙን ወደ ዌስተርን ቡልዶግስ የቀየረው ያው ክለብ ነው፤ ቤቨሪጅ ኋላ በአሰልጣኝነት የተመለሰው ቀድሞ ወደ ተጫወተበት ቤት ነበር።

"ሁለገብ ተጫዋች" ሲባል ሙገሳ ነው ወይስ ሐሜት?

ሁለቱንም ነው። በዚህ ጨዋታ ከኋላ ተከላካይ እስከ ፊት አጥቂ ድረስ የተለያየ ተግባር ያላቸው ቦታዎች አሉ፤ በአንዱ የተካነ ሰው በሌላው እንደ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሁለገብ የሚባለው ጎድሎ በተገኘ ቦታ ሁሉ የሚገባው ነው። አሰልጣኝ እንዲህ ያለውን ተጫዋች ይወደዋል፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሲፈለግም መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ቋሚ ቦታ የሌለው ሰው ማንንም ሳያስቀይሙ የሚያነሱት ሰው ነውና።

ቤቨሪጅ ከመሀል ሜዳ እስከ አጥቂ መስመር እየተመላለሰ የተጫወተ ሰው ነበር። ቁጥሩን ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። በ11 የውድድር ዘመን ክለቦቹ በመደበኛው ውድድር ብቻ ወደ 240 ጊዜ ያህል ሜዳ ገብተዋል፤ እሱ የተሰለፈው 118 ጊዜ ነው። ከግማሹ በላይ በሆነው ቅዳሜ በጉዳትም ሆነ በአሰልጣኝ ምርጫ ስሙ ከአሰላለፉ ውስጥ አልነበረም። በእኔ እምነት የአሰልጣኝነቱ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮከብ ሆኖ ያደገ ሰው ያልተመረጠ ተጫዋች አሰላለፍ በሚገለጽበት ሐሙስ ማታ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው በወሬ ነው፤ ቤቨሪጅ ግን ኖሮበታል።

መጫወት ካቆመ በኋላ በምን ይተዳደር ነበር?

በመንግሥት ሥራ። አውስትራክ በሚባለውና አጠራጣሪ የገንዘብ ዝውውርን በሚከታተለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርቷል። መሥሪያ ቤቱ በሕገወጥ መንገድ የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልንና ሽብርን በገንዘብ መደገፍን ይከላከላል፤ በእኛ አገር የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ከሚሠራው ጋር ይቀራረባል። ቀን ቀን ፋይል የሚያገላብጥ ሠራተኛ፣ ማታ ማታ አሰልጣኝ ነበር ማለት ነው።

አማተር ሊጉ ምን ዓይነት ነው? እውነት ደመወዝ የለውም?

ተጫዋቾቹ አይከፈላቸውም፤ የሊጉ መለያ ይኸው ነው። የቪክቶሪያ አማተር እግር ኳስ ማኅበር መነሻው 1892 ሲሆን በሜልቦርንና በአካባቢዋ ያሉ ክለቦችን በየደረጃው ከፋፍሎ ያወዳድራል። ብዙዎቹ ክለቦች የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ያቋቋሟቸው ናቸው። ያሸነፈ ወደ ላይ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይወርዳል።

የአገር ቤት የሰፈር ውድድር ለለመደ ሰው መንፈሱ እንግዳ አይሆንም። ተጫዋቹ አናጺ ወይም መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ነው። በሳምንቱ መካከል ከሥራ መልስ በመብራት ይለማመዳል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይጫወታል፣ ሰኞ ጉልበቱን እያሻሸ ቢሮ ይገባል። ከሁሉ የሚገርመው ከጨዋታው አራት ሩቦች ሦስተኛው ሲያልቅ ያለው ዕረፍት ነው። ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል አይሄዱም፤ እዚያው ሣሩ ላይ አሰልጣኙን ከብበው ይቆማሉ። ተመልካቹም አጥሩን አልፎ ይገባና ከኋላቸው ክብ ይሠራል፤ አባት አለ፣ ሕፃን የያዘች ሚስት አለች፣ ቢራውን ያልጨረሰ ሽማግሌ አለ፣ አንዳንዴም ውሻ። አሰልጣኙ የሚናገረውን ሁሉም ይሰማል። በዚያ ክብ ውስጥ ተጫዋች ላይ መጮህ እናቱ ፊት እንደ መጮህ ነው፤ በብዙ ጨዋታ ላይ ቃል በቃል እናቱ ፊት ነው።

በሴንት ቢድስ ሜንቶን ምን ሠራ?

ሜንቶን በሜልቦርን ደቡብ ምሥራቅ በኩል በባሕር ዳርቻ ያለ ሰፈር ነው፤ ሴንት ቢድስ በዚያ የሚገኝ የካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። ክለቡ ስሙን የያዘው ከሁለቱ ነው። ቤቨሪጅ ይህን ቡድን ይዞ በ2006 የሐ ምድብን ዋንጫ አነሳ። ወደ ለ ምድብ ወጡ፤ በ2007 እሱንም ወሰዱ። ወደ ከፍተኛው ሀ ምድብ ወጡ፤ በ2008 በገቡበት ዓመት ዋንጫውን ያዙት። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ምድብ፣ ሦስት ዋንጫ።

ለእኛ አንባቢ ቢመሰል አንድ ቡድን ከብሔራዊ ሊግ ወደ ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያለ ዕረፍት ወጥቶ በመጣበት ዓመት ፕሪሚየር ሊጉን እንደ ማሸነፍ ነው። ለዚያውም በገንዘብ ተጫዋች ማስኮብለል በማይቻልበት ውድድር። በየዓመቱ ተጋጣሚው ይጠነክራል፤ አሰልጣኙ ግን "ኮንትራትህን አፈርስብሃለሁ" ብሎ የሚያስፈራራው ተጫዋች የለውም። ልምምድ የሰለቸው ሰው ማክሰኞ ማታ ቤቱ ቁጭ ማለት ይችላል። ሰዎቹን የሚያመጣቸው ልምምዱ ጣፋጭ ሲሆንና አሰልጣኙ ሲወደድ ብቻ ነው።

ስለ ቤቨሪጅ የሚጻፈው አብዛኛው ይህን ወቅት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ እንደ ማሟሟቂያ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ዋናው ትምህርት ቤቱ ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ ትልቁ ሊግ በምን በኩል ገባ?

በረዳትነት በኩል። መጀመሪያ ወደ አያቱ ክለብ ወደ ኮሊንግዉድ ሄዶ ወጣት ተጫዋቾችን ከሚያበቁት አሰልጣኞች አንዱ ሆነ፤ ክለቡ በ2010 ዋንጫ ሲያነሳ በዚያ ነበር። ከ2012 እስከ 2014 ደግሞ በሆቶርን ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ሠራ። ሆቶርን በ2012 በፍጻሜው ተሸንፎ በ2013 እና በ2014 ዋንጫውን ወሰደ።

ሴንት ኪልዳ ከቀጠረው በኋላ ትቶ ሄደ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ክፋት ግን የለበትም። በ2014 መጨረሻ ሴንት ኪልዳ ለአሰልጣኞች ኃላፊነት መርጦት ነበር። በዚያው ሰሞን ዌስተርን ቡልዶግስ ቤቱ ተናጋ፦ በ14ኛ ደረጃ ጨርሶ ሳለ አምበሉ ራያን ግሪፈን ወደ ሌላ ክለብ ልሂድ አለ፣ አሰልጣኙ ብሬንደን መካርትኒም ለቀቀ። በኅዳር ወር ቡልዶግስ ቤቨሪጅን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ሾመው። ረዳት ለሆነ ሰው የዋና አሰልጣኝነት ጥሪ ሲመጣ በሩን የሚዘጋበት ክለብ ብዙም የለም።

በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን ከ14ኛ ወደ 6ኛ አወጣው፤ በማጣሪያው፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው የዋንጫ ፉክክር፣ በአደሌድ በ7 ነጥብ ብቻ ተሸነፈ። የሙያ ባልደረቦቹ፣ ማለትም የሊጉ አሰልጣኞች ማኅበር፣ የ2015 ምርጥ አሰልጣኝ ብለው ሰየሙት።

የ2016 ዋንጫ ለምን እንደ ተአምር ይወራል?

በወቅቱ በነበረው የሊጉ ሥርዓት ስምንት ቡድኖች ወደ ማጣሪያው ያልፉ ነበር። ከ1ኛ እስከ 4ኛ የጨረሱት በመጀመሪያው ሳምንት ቢሸነፉ ሌላ ዕድል ነበራቸው፤ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ያሉትን ግን አንድ ሽንፈት ያሰናብታቸው ነበር። ቡልዶግስ 7ኛ ነበር። አራት ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ ነበረበት፤ ከሰባተኛ ደረጃ ተነስቶ ዋንጫ የበላ ክለብም ከዚያ በፊት አልነበረም።

መጀመሪያ አገሪቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጠው በፐርዝ ዌስት ኮስትን በ47 ነጥብ አሸነፉ። ቀጥለው ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ የያዘውን ሆቶርንን፣ አሰልጣኛቸው ረዳት የነበረበትን ክለብ፣ በ23 ነጥብ አሰናበቱ። ከዚያ ወደ ሲድኒ ሄደው ግሬተር ዌስተርን ሲድኒን በ6 ነጥብ፣ ማለትም በአንድ ጎል ልዩነት፣ አለፉት። ጥቅምት 1 ቀን በሜልቦርን ክሪኬት ግራውንድ ወደ 100,000 በሚጠጋ ሕዝብ ፊት ሲድኒ ስዋንስን 89 ለ67 ረቱ። ክለቡ ለፍጻሜ ከደረሰ እንኳን ከ1961 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ሁለገብነት እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ማቲው ቦይድ ዕድሜውን ሙሉ የመሀል ሜዳ ሰው ሆኖ ኖሮ ጫማ ሊሰቅል በሚቃረብበት ዕድሜ ቤቨሪጅ ወደ ኋላ መስመር ወሰደው፤ በ2016 በአገሪቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተካተተ። ሊያም ፒከን ለዓመታት ሥራው የተጋጣሚን ኮከብ ተከትሎ ማፈን ነበር፤ ቤቨሪጅ ወደ ፊት ለቀቀው፤ በፍጻሜውም ጎል አስቆጣሪ ሆነ። አንድ ሰው አንድ ቦታ ብቻ ይችላል የሚለውን ያላመነው ራሱ እንደዚያ ሆኖ ስላልተጫወተ ይመስለኛል።

ሜዳሊያውን ለምን አውልቆ ለሌላ ሰው አጠለቀ?

ቦብ መርፊ የሚባለው የቡድኑ አምበል በውድድሩ ሦስተኛ ሳምንት ከሆቶርን ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱ ተበጠሰ፤ የዓመቱ ጨዋታ እዚያ አበቃለት። ከ2000 ጀምሮ ለዚህ ክለብ ብቻ የተጫወተ፣ ደጋፊው እንደ ልጁ የሚያየው ሰው ነበር። ዋንጫው የመጣው እሱ በሌለበት ነው፤ በፍጻሜው ቡድኑን የመራው ኢስተን ዉድ ነበር።

ለአሸናፊው አሰልጣኝ የሚሰጥ የጆክ ማክሄል ሜዳሊያ የሚባል አለ። ቤቨሪጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ መርፊን ከታች ጠራው። መርፊ የቡድኑን ማሊያ ለብሶ ወጣ፤ አሰልጣኙ የገዛ ሜዳሊያውን አውልቆ አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ከዚያ ዉድና መርፊ ዋንጫውን አብረው አነሱ። በኋላ መርፊ ሜዳሊያውን መልሷል፤ ለአንድ ምሽት የተሰጠ ውለታ አድርጎ ነው የወሰደው።

የታቀደ ትዕይንት ነበር የሚሉ አሉ። ቢታቀድስ? በሜንቶን ሣር ላይ ቆሞ ላልተከፈላቸው ሰዎች ሲናገር የኖረ ሰው፣ ቡድን ማለት በዕለቱ የተሰለፉት ብቻ እንዳልሆኑ ለማወቅ መድረክ አያስፈልገውም።

ፉትስክሬይ የሐበሻ ሰፈር አይደለም እንዴ?

ነው። የሜልቦርን ኢትዮጵያዊ እንጀራ ሲያምረው ወይም ጤፍና በርበሬ ሲያልቅበት ከሚሄድባቸው ሰፈሮች ፉትስክሬይ ዋናው ነው፤ በኒኮልሰን ጎዳና ላይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። የቡልዶግስ መቀመጫ የሆነው ዊተን ኦቫልም እዚያው ባርክሊ ጎዳና ላይ ነው። ከክትፎ ቤቱ ወደ ሜዳው በእግር ይደረሳል።

ክለቡ ለሠራተኛና ለስደተኛ ሰፈር ምን እንደሆነ ለመረዳት 1989ን ማወቅ ይጠቅማል። በዚያ ዓመት በዕዳ ምክንያት ፉትስክሬይ ከፊትዝሮይ ጋር ሊዋሐድ ተወስኖ ነበር። ነዋሪው በየጎዳናው ቆርቆሮ ይዞ ሳንቲም ለቀመ፣ ሜዳው ላይ ሰልፍ ወጣ፣ ክለቡንም አተረፈው። ቤቨሪጅ ከአራት ዓመት በኋላ ተጫዋች ሆኖ የገባው በዚህ መንገድ ወደተረፈ ክለብ ነው።

ከ2016 ወዲህ ለምን ሁለተኛ ዋንጫ አልመጣም?

እስከ 2025 የውድድር ዘመን ድረስ አልመጣም፤ ደጋፊውን የሚያጨቃጭቀውም ይህ ነው። በ2017 ሻምፒዮኑ 10ኛ ሆኖ ከማጣሪያው ውጪ ቀረ። በ2021 ደግሞ ከ5ኛ ደረጃ ተነስቶ፣ ብሪዝበንን በ1 ነጥብ ጥሎ፣ እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ። በወረርሽኙ ምክንያት ፍጻሜው በፐርዝ ተደረገ፤ በሦስተኛው ሩብ እየመራ ሳለ ሜልቦርን እንደ ጎርፍ መጣበትና በ74 ነጥብ ተሸነፈ።

ተቺዎቹ የተጫዋች ቦታ መለዋወጥ ያበዛል ይላሉ። በ2016 ብልሃት የተባለው ሲሸነፍ መወላወል ይባላል፤ የሁለገብነት ዕዳ አሰልጣኝ ሆኖም አልለቀቀውም። ጠባዩም ሁልጊዜ ሜዳሊያ የሚያጠልቀው ሰው ጠባይ አይደለም። በመጋቢት 2022 ከጨዋታ በኋላ በተደረገ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አንድ ጋዜጠኛን በቁጣ ዘልፎ በማግስቱ ይቅርታ ጠይቋል።

ታዲያ አማተር ማሰልጠን ወደ ትልቁ ሊግ ያስገባል ማለት ነው?

በራሱ አያስገባም። በየዓመቱ በአማተር ሊጉ ዋንጫ የሚያነሱ አሰልጣኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ሰኞ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፣ ሌላም አልፈለጉም። ቤቨሪጅን የለየው በሦስት ዓመት ሦስት ምድብ መውጣቱ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ዝቅ ብሎ ለመጀመር መፍቀዱም ነው። በሜንቶን የመጨረሻው ቃል የእሱ ነበር፤ በኮሊንግዉድና በሆቶርን ግን ቃሉ የሌላ ሰው ሆነ። በ2008 የሀ ምድብን ዋንጫ ካነሳበት ቀን ቡልዶግስ እስከጠራው ኅዳር 2014 ድረስ ስድስት ዓመት አለፈ።